ወንድምዎ ነው ይላል

ሰውየው ጎማው አልተነፈሰም ብሎ ተከራከረኝ። ጎማው ተኝቷል፤ ቸርኬው አስፋልቱን ነክቷል። እሱ ግን መጠየቂያውን፣ መዳፍ የምታክለውን ዕቃ፣ ጎማው ላይ ደግኖ፣ «ስሚ እንጂ፣ ደህና ነኝ እያለ እኮ ነው» አለኝ።

መጠየቂያው እንደ ልማዱ ተናገረ። «የጠየቁት ነገር ራሱ ሊላክ አይችልም። መግለጫው ግን ይኸውና።» ከዚያ መግለጫውን አነበበለት። ጎማ፣ የኋላ ቀኝ፣ ነፋሱ ሙሉ፣ ሁኔታው ደህና።

«በእግርህ ርገጠው» አልኩት።

«ለምን እረግጠዋለሁ? ተጠየቀ፣ መለሰ።»

«እንግዲያው ንዳው።»

ነዳው። እስከ መታጠፊያው ድረስ እየተንገጫገጨ ሄደና ተመለሰ። ሲመለስ ጎማውን አልተሳደበም፤ የተሳደበው እኔን ነው። አንቺ ካየሽው በኋላ ነው የተበላሸው አለኝ። ለጠፍኩለት፣ ሞላሁለት፣ ሄደ።

ቡሬ ውስጥ በጎሚስታነት ነው ያረጀሁት። ድሮ ሰው ሲመጣ ሰላም ብሎኝ ጎማውን ያሳየኝ ነበር። አሁን መጀመሪያ መለያዬን ይጠይቃል። መለያ ሁላችንም ከጆሯችን ጀርባ አለችን፤ የምስር ፍሬ ታክላለች፤ ዕቃውም ሁሉ አለው። ያልተጠየቀ ሰው ሰላም አይባልም። የማላውቀው ሰው ከመንገድ ማዶ መጠየቂያውን ይደግንብኝና፣ «ጉልበትሽን ተሻለሽ?» ይለኛል። እኔ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። መግለጫዬ ላይ ግን ጉልበቷን ያማታል የሚል አለ። ማን እንደጻፈው እንጃ። እንዲጠፋልኝ ብጠይቅ፣ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ መዳኑን አስመስክሪ አሉኝ። ያልታመመ ጉልበት ዳነ ብሎ የሚመሰክር ሐኪም ከየት ይምጣ? ስለዚህ ሲጠይቁኝ «ተሻለኝ፣ እግዜር ይመስገን» እላለሁ።

ገበያም ብትሄዱ ያው ነው። ሽንኩርት በእጁ ጫን አድርጎ የሚያይ ሰው የለም። ይጠየቃል፤ ደህና ነኝ ካለ ይገዛል፤ ቤት ገብቶ ሲላጥ መሃሉ በስብሶ ይገኛል፤ ማንም አይናገርም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንኳ ለማኙ መጀመሪያ ይጠይቅሻል። የማትሰጪ ከሆንሽ እጁን አይዘረጋም።

ይህን ሁሉ የማወራው በአንሙት ምክንያት ነው።

አንሙት የከተማ አውቶቡስ ተጠያቂ ነው። አውቶቡሱ ራሱን ይነዳል፤ መሪ እንኳ የለውም። ነገር ግን ሰው ቢገጭ የሚከሰስ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ አንሙትን ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ሥራው መቀመጥ ነው። አይተኛም፣ አያወራም፤ ወደ ፊት ያያል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው መግለጫው ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። አንዲት ክፉ ነገር ከተጻፈበት ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ አንሙት ጠንቃቃ ሰው ነው። ሰው እግሩን ቢረግጠው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው።

እኔ ዘንድ የመጣው የአውቶቡሱ ጎማ ተንፍሶበት ነው። መጠየቂያ አላወጣም። ቁጢጥ ብሎ ጎማውን በመዳፉ ዳበሰና፣ «እዚህ ጋ ይመስለኛል» አለኝ። እውነትም እዚያው ጋ ነበር። እኔ ባሌ ሞቶብኛል፤ እሱም ሚስቱ ሞታበታለች። ከዚያ በኋላ ጎማው ደህና ሲሆንም ይመጣ ጀመር። ሊናገር ሲዳዳው ከርሞ አልወጣ ሲለው፣ ክረምቱ እንደወጣ «እንጋባ» አልኩት።

«በደንቡ ሽማግሌ ልላክ እንጂ» አለ።

«ወደ ማን? አባቴ የለ፣ ወንድም የለኝ። ሽማግሎችህ መጥተው ክሪኩን ሊያናግሩት ነው?»

ሳቀ። በማግስቱ መልስ ቤት ሄድን።

መልስ ቤት ማለት መለያ ሲጠየቅ መልሱ የሚወጣበት መሥሪያ ቤት ነው። የሚጋባ ሰው እዚያ ሄዶ ሰባት ቤት ያስቆጥራል። ድሮ የሚቆጥሩት ሽማግሎች ነበሩ። አሁን የኔ መለያ ይጠየቃል፤ አባቷን ወደዚያ ሄዳችሁ ጠይቁ ይላል። የአባቴ ይጠየቃል፤ የሱን አባት ወደዚያ ይላል። እንዲህ እያለ ሽቅብ ይወጣል። በሁለት ወገን ወጥቶ ካልተገናኘ መጋባት ይቻላል።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ናርዶስ ትባላለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። መጀመሪያ አንሙትን ጠየቀች፣ ቀጥላ እኔን ጠየቀች፤ ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ የወጣውን መልስ አየች።

«አይቻልም፣ ማዘር።»

«ምኑ ነው የማይቻለው?»

«ወንድምዎ ነው ይላል።»

እኔና አንሙት ተያየን። እሱ ከወንዙ ማዶ ነው የተወለደ፤ እኔ ከወንዙ ወዲህ።

«ልጄ፣ እኔ ወንድም የለኝም» አልኳት።

«አለዎት። እኚሁ ናቸው።»

«እሺ፣ አባታችን ማነው?»

«ግራዝማች ቢተው።»

አንሙት ሳል ያዘው። ግራዝማች ቢተው በኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው የጥንት ሰው ናቸው። ሲሞቱ የእኔ እናት አልተወለደችም፤ የእናቴም እናት አልተወለደችም።

«ሴትዮ ሆይ፣ እኚህ ሰው አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው! እኔን ከመቃብር ወጥተው ወለዱኝ?»

«ዕድሜ በጥያቄው ውስጥ የለም» አለች። «የተጠየቀው ዝምድና ነው። ዝምድና ተመልሷል።»

እንድታስረዳኝ ለመንኳት። አስረዳችኝ፤ ይህን አልክድባትም። የአባቴና የአያቴ፣ ከዚያም በላይ ያሉት ሰዎች መለያ ይቀመጥ የነበረው በድሮው ወረዳ ነው። ያ ወረዳ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ፈርሷል፤ ዕቃውም ጠፍቷል። አሁን እነሱ ሲጠየቁ «አልተገኘም» ነው መልሱ። የአንሙት ሰዎችም እዚያው ነበሩ። መሃል ላይ ያሉት ካልመለሱ ጥያቄው ወደ ቤቱ ራስ፣ ዘሩ ወደሚጠራበት ሰው፣ ይሄዳል። የኔ ጥያቄ ሄዶ ሄዶ ግራዝማች ቢተው ዘንድ ደረሰ፤ የአንሙትም ግራዝማች ቢተው ዘንድ ደረሰ። ለሁለታችንም መጀመሪያ የመለሱልን እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የመለሰ ደግሞ አባት ይባላል።

«ይሁን» አልኳት። «ግን እኮ ግራዝማች የኔ ደም አይደሉም። የአንሙት ናቸው።»

ይህም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ምንጅላቴ ደሃ ነበር። መሬቱን ጉልበተኛ ሊቀማው ሲል ግራዝማች ዘንድ ሄዶ፣ አውራ ጣታቸውን ማር አስነክሮ ጠባ፤ የጡት ልጃቸው ሆነ። ከዚያ ወዲያ የነካው የለም። በኋላ ዘመን መዝጋቢ መጥቶ ዘሮቹን «የማን ወገን ናችሁ?» ሲላቸው፣ ሁሉም ደረታቸውን ነፍተው «የግራዝማች ቢተው» አሉ። ግራዝማችን የሚያህል እያለ ማን ነው ደሃ አባቱን የሚጠራ? እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

«የጡት ነው እንጂ የደም አይደለም» አልኩ።

ናርዶስ ጠረጴዛዋን አየች። «መልሱ የጡት፣ የደም አይልም። ‹ከዚህ ጋር ይያያዛል› ብቻ ነው የሚለው። በምን እንደሚያያዝ አይናገርም።»

«ታዲያ እናንተ በምን አወቃችሁና አባት አላችሁት?»

«ሌላ በምን ይያያዛል?»

ከኋላችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «የጡትም ቢሆን በድሮ ጊዜ አይጋቡም ነበር» አሉ።

«አባባ፣ ማር ሰባት ቤት አይወርድም!» አልኳቸው።

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ናርዶስ አልሳቀችም። «ቀጣይ» አለች።

እኔ እንዲህ በቀላሉ የምተው ሰው አይደለሁም። መጀመሪያ መለያ ወደሚተከልበት ቤት ሄድኩ። አንድ ሰውዬ ከጆሮዬ ጀርባ በጣቱ ጎረጎረና፣ «መለያሽ ደህና ነው፤ ስትጠየቂ ትመልሻለሽ» አለኝ። መግለጫ ወደሚጻፍበት ቤት ሄድኩ፤ ከከተማው ማዶ ነው። እዚያ ያለችው ሴት መግለጫዬን ከላይ እስከ ታች አስነበበችልኝ። ወንድም አላት የሚል አንድም ቃል የለበትም።

«አየሽ?» አልኳት። «ወንድም የለኝም።»

«የለሽም። መግለጫሽ ደህና ነው።»

«መለያዬም ደህና ነው ተብያለሁ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ስህተቱ የት ነው ያለው?»

«መሃል ላይ ነዋ።»

«መሃሉ የማን ነው?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «የማንም አይደለም። እሱ እኮ መልስ ነው። ሲጠየቅ ይፈጠራል፤ ተነግሮ ሲያልቅ የለም።»

ደግማ እንድትነግረኝ አደረግኋት። ሁለተኛም ስሰማው ያው ነው።

ወደ መልስ ቤት ተመለስኩ። ናርዶስ አንድ መንገድ አለ አለችኝ። መለያ የሚመልሰውን ነገር ለመለወጥ የሚችለው ባለመለያው ነው፤ ስለዚህ ግራዝማች ቢተው መጥተው ይህች ልጄ አይደለችም ብለው ቃላቸውን ይስጡ።

«ሞተዋል አልኩሽ እኮ!»

«መለያቸው ይመልሳል፣ ማዘር። የሚመልስ ሰው ሞቷል አንልም።»

ከንዴቴ ብዛት ሄድኩ። መቃብር ሁሉ ቁጥር ሲሰጠው የግራዝማችም ድንጋይ ላይ አንድ መለያ ተለጥፎ ነበር። ሣሩን ገለጥ አድርጌ መጠየቂያዬን ደገንኩ። «ግራዝማች፣ እኔ ልጅዎ ነኝ ወይ?» አልኩ። መጠየቂያው፣ «የጠየቁት ነገር ራሱ ሊላክ አይችልም» አለኝ። «ማን ራሳቸውን ላክ አለህ! አንድ ቃል ይንገሩኝ ነው ያልኩት!» ብዬ ስጮህ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በሽመሉ ገፋ አድርጎ አስወጣኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት መስኮቱ ላይ ስታየኝ ናርዶስ በረጅሙ ተነፈሰች። ክፉ ልጅ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

«ከቤቱ ራስ ጋር ያለዎትን ማያያዣ መቁረጥ ይቻላል» አለችኝ። «ያኔ ግራዝማች አይመልሱልዎትም። ከአቶ አንሙት ጋር አይገናኙም ማለት ነው።»

«ቁረጪዋ! እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ማያያዣው ግን አንድ ነው። ወደ ላይ ሲቆረጥ ወደ ታችም ይቆረጣል። ልጅ አለዎት?»

ልጅ አለችኝ። አስካለ ትባላለች፤ ሐዋሳ ነው ያለችው፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ስትወልድ የማርሳት እኔ ነኝ። እዚያ ሐኪም ቤት ወላድ ክፍል ሰው የሚገባው መለያዋ ተጠይቆ እናቷ ይህች ናት ሲል ነው። እናት ነኝ ብሎ በአፉ የሚለውን ሰው ዘበኛው አይሰማም።

«ከተቆረጠ አስካለ ስትጠየቅ እናቷ ማናት ይላል?»

«አልተገኘችም ይላል።»

ለባል ብዬ ልጄን ልጣ? ናርዶስ ፊቴን አይታ ተወችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማዘር፣ እህትና ወንድም እኮ አብሮ ለመኖር ፈቃድ አያስፈልገውም። አሁኑኑ አንድ ቤት ማስመዝገብ ትችላላችሁ።»

ከመስኮቱ ሳልርቅ ቤቱን በሁለታችን ስም አደረገችው። ለመጋባት ያን ሁሉ ጊዜ የተንከራተትኩ ሴት፣ ለእህትነት አፍታ እንኳ አልፈጀብኝም። አንሙት መንገድ ላይ አግኝቼ ስነግረው፣ «ምን ቸገረን? በራችንን ከዘጋን በኋላ ማን ይጠይቀናል?» አለኝ። ደክሞኝ ነበር። እሺ አልኩት።

ሳጥኑን ተሸክሞ እንደገባ ጎረቤቴ እትዬ ጠጀ ዳቦ ይዛ መጣች።

«እንኳን ወንድምሽን አገኘሽ! የት ጠፍቶ ነው የኖረው?»

«ምን ማለትሽ ነው? አንሙት ነው እኮ! ጎማ ቤት ሲመጣ ስንቴ አይተሽዋል!»

«እሱንማ አውቀዋለሁ። ወንድምሽ መሆኑን ነው ያላወቅኩት።» አንሙትን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «አሁን ሳያችሁ አፍንጫችሁ አንድ ነው።»

እሷ ከወጣች በኋላ ሄጄ አፍንጫዬን በመስታወት አየሁ።

በር መዝጋት እንዳልነው ቀላል አልሆነም። እህትና ወንድም እንደ ባልና ሚስት ሲኖር የተገኘ እንደሆነ እስር አለው። አንሙት ይህን ያውቃል። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ራቅ ብሎ ይሄዳል። በመስኮት አንድ አልጋ ብቻ እንዳይታይ ብሎ ሳሎን ፍራሽ አነጠፈ። መጀመሪያ ለይምሰል ነበር፤ ቀን ይነጠፋል፣ ሲመሽ ይነሳል። ቆይቶ ሳይነሳ ያድር ጀመር።

«ለጊዜው ነው» ይለኛል።

«ይሄ ጊዜ የሚባለው መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ወንበሬን ከወሰዱብኝ ምን እንበላለን?»

«ጎማ!» አልኩት። አልሳቀም።

ሰው ፊት እህቴ ይለኛል። ይበል፤ ሰው ፊት ነው። አንድ ቀን ግን ምሳ ሳቀርብለት፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለኝ። ቤት ውስጥ ከእኔና ከሱ በቀር ሰው አልነበረም። ራሱም ደነገጠ። ሰሐኑን አስቀመጥኩና ወጣሁ። ጎማ ቤት ሄጄ ምንም ያልሆነ ጎማ ከቸርኬው ፈታሁ፤ መልሼም አሰርኩት።

ሽማግሎቹ የመጡት እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ሦስት ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። በራችንን ጠየቁት፤ በሩ የእህትና የወንድም ቤት ነው አላቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አንሙት ሳሎን ነው፤ ሲገቡ ከፍራሹ ላይ ብድግ አለ።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አንዱ። አቶ ልጃለም ነው፤ በድምፁ አወቅኩት። ባስታረቀ ቁጥር መግለጫው የሚወፍርለት ሰው ነው።

«ምን ልታዘዝ?» አለ አንሙት።

«ልጅ ልንለምን ነው የመጣን። ጣውላ ነጋዴውን አቶ ሽባባውን ያውቁታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። እህትዎ በመንገድ ስታልፍ ጠይቋት ወዷታል።»

ሁለተኛው ቀጠለ። «ባል የሞተባት፣ የራሷ ሥራ ያላት፣ ከወንድሟ ጋር በሥርዓት የምትኖር። መግለጫዋ ያምራል። ጉልበቷንም እናሳክምላታለን።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። አንሙት አሁን የሆነ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ብዙ አልጠበቅኩም፤ ሚስቴ ናት ይበል አላልኩም። አይሆንም ይበል፤ ማግባት አትፈልግም ይበል፤ ይበቃኛል።

አንሙት ጉሮሮውን ጠረገ። «መልካም። እንግዲህ መክረን እንነግራችኋለን» አለ።

ይህ የወንድም ቃል ነው። እህቱን የተለመነ ወንድም ሁሉ የሚለው ነው። ቀጥሎም የዛሬ ሳምንት ተመለሱ ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው።

ከነቢላዋዬ ወጣሁ።

«ከማን ጋር ነው የምትመክረው?»

«የሻረግ፣ ግቢ» አለኝ አንሙት።

«ከማን ጋር ነው አልኩህ? ከግራዝማች ጋር?»

አቶ ልጃለም ቢላዋውን አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እመቤቴ፣ ይሄ እኛ ከወንድምሽ ጋር የምንጨርሰው ነው።»

«የምትለምኑት እኔን አይደለም እንዴ? ወይስ ሌላ የሻረግ አለች?» ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «እንግዲህ ስሙኝ። ይህ ሰው ወንድሜ አይደለም። ባሌ ነው።»

ሦስተኛው ሽማግሌ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። አቶ ልጃለም መጠየቂያውን አወጣና አንሙት ላይ ደገነ፣ ቀጥሎ እኔ ላይ ደገነ፤ ያለውን ሁላችንም ሰማነው።

«ወንድምና እህት ናችሁ ይላል» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «ሴትዮ፣ የምትናገሪውን ታውቂዋለሽ? ይሄ እኮ የሚያሳስር ነገር ነው።»

«አውቃለሁ። እስኪ እሱን ነገር ያስቀምጡትና በዓይንዎ ይዩን። ይኸው ቆመናል! አንዴ ይዩን!»

አላየንም። የሚያየው መዳፉን ነው። ሌሎቹም የሱን መዳፍ ነው የሚያዩት። ከዚያ አቶ ልጃለም ፊቱን ወደ አንሙት መለሰ፤ እንደ አባት ለስለስ አለ።

«አቶ አንሙት፣ ሴት ስትናደድ ብዙ ትናገራለች። እኛም ሽማግሎች ነን፤ ያልሰማነውን አልሰማንም። አንድ ቃል ብቻ ይበሉን። እህትዎ ናት፤ አይደለም?»

መውጫውን አበጅቶ ሰጠው። አዎ ቢል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል፤ ወንበሩም፣ ቤቱም፣ ፍራሹም። የመጠየቂያው መብራት በርቷል፤ የሚለው ሁሉ ይመዘገባል። አንሙት አውቶቡሱ ላይ እንደሚቀመጠው ወደ ፊት ያያል። ወደኔ አልዞረም። እኔ የኔን ተናግሬ ጨርሻለሁ። እዚያው ቆሜ ሽንኩርት የሸተተ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ አንሙት።

አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ይቅርታ ካለ አለቀ።

«መክረን እንነግራችኋለን ያልኳችሁ ተሳስቼ ነው። ቀጠሮም የሰጠኋችሁ በከንቱ ነው፤ በድካማችሁ አዝናለሁ። የምመክረው ነገር የለኝም። ሚስቴ ናት።»

ሽማግሎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ደጃፉ ላይ ሦስቱም እግራቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ አንሙት ልብሱን ለብሶ ወደ ፌርማታ ሄደ። አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ በሩን ግን አልከፈተለትም። በመስታወቱ ሲያይ ከፊት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። በእግሩ ጎማ ቤት መጣና ደፉ ላይ ተቀመጠ። «ምን ልሥራ?» አለኝ። ጎማውን ያዝልኝ አልኩት። ያዘልኝ።

ፖሊሱ የመጣው ሁለታችንም እጃችን ጠቁሮ ሳለ ነው። ወጣት ነው። ማንበብ እንደማልወድ መግለጫዬ ነግሮት ኖሮ ክሱን ራሱ ጮክ ብሎ አነበበው። እትዬ ጠጀ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ ቆመች፤ ሌላም ሰው ቆመ።

«ተከሳሾች አንሙትና የሻረግ» አለ ፖሊሱ፣ «ወንድምና እህት መሆናቸውን እያወቁ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በፈቃዳቸው፣ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ በመገኘታቸው...»

«ቆይ» አልኩት። «እዚያ ጋ ድገምልኝ።»

«የቱ ጋ?»

«‹እንደ› ካልከው ጀምር።»

«እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ።»

በያንዳንዱ ቤት፣ በያንዳንዱ መስኮት ስናገር የከረምኩትን ቃል መንግሥት በራሱ አፍ ሲለው መስማቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ላይ የሚጠይቀን ሰው ሁሉ መግለጫችን ላይ ይህን ይሰማል። ሌላውን ያንብበው አላልኩም።

«ድገመው።»

«ማዘር፣ ክስ ነው እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ድገመው አልኩህ!»

ልጁ ግራ ገብቶት ደገመው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ጮክ ብሎ። እትዬ ጠጀ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አንሙት ጎማውን ሳይለቅ ቀና አለ።

«አንዴ ደግሞ ለኔ» አለው።